75 ኢንች ቲቪ፣ 700 ሜጋባይት ፊልም

በዚህ ከተማ ትልቅ ቲቪ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ምስል አይደለም፤ ኢንች ነው። ሁለቱ አንድ ከመሰሉህ ይህቺን ጽሑፍ ታግሰህ አንብባት። በተለይ እቁብ ሊወጣልህ የተቃረብክ ከሆንክ፣ ወይም አረብ አገር ያለች እህትህ «ሳሎኑን የሚሞላ ቲቪ ግዙበት» ብላ የላከችው ብር እጅህ ላይ ካለ።

«አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ አንተ ስለ ቲቪ ትጽፋለህ?» የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ እጽፋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ ለገበያው ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ቲቪ እዚህ ተገጣጠመ፣ ከዱባይ ተጭኖ መጣ፣ ፓነሉ የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ደሞዝተኛ ትልቅ ቲቪ ሲገዛ የብዙ ወር ላቡን ነው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው። የዚህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ደግሞ መሬት ሲገዛ ካርታ ያያል፣ መኪና ሲገዛ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ቲቪ ሲገዛ ግን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከዚህ የሚተልቅ የለም?»

ሱቁ ውስጥ የሚሆነውን ታውቀዋለህ። ግድግዳውን ሞልተው የተደረደሩ ስክሪኖች አሉ። በላያቸው ላይ በቀቀን ይበራል፣ ብርቱካን ይቆረጣል፣ ባሕር ይገማሸራል። ያ ቪዲዮ ከፍላሽ የሚጫወት፣ ለማሳያ ተብሎ በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ ነው። ቲቪው ራሱ «ቪቪድ» ወይም «ሾፕ» በሚባለው ሞድ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ጥግ ድረስ ተከፍቶ፣ ቀለሙ ከልክ በላይ ተጋግሎ። ሻጩ ከአጠገብህ ቆሞ «አለቃ፣ ይሄ ፎር ኬ ነው፣ ኤችዲአር አለው፣ ስማርት ነው፣ ደግሞ ኦሪጅናል፤ ቻይና እንዳይመስልህ» ይልሃል። አንተ ደግሞ በቀቀኑን እያየህ ትስማማለህ። ቤትህ ስትገባ በቀቀኑ የለም። ዜና አለ፣ ድራማ አለ፣ ከቴሌግራም የወረደ ትርጉም ፊልም አለ።

እስቲ ፎር ኬውን እንመርምረው። ፎር ኬ ማለት ስክሪኑ 3840 በ2160 ነጥቦች አሉት ማለት ነው፤ በድምሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ነጥቦቹ በእርግጥ አሉ። ጥያቄው በምን ትሞላቸዋለህ ነው። በኢትዮሳት በምናያቸው ቻናሎች አብዛኛው ስርጭት ኤችዲ ወይም ከዚያ በታች ነው። በድሮው መደበኛ ጥራት፣ ማለትም በ720 በ576 ነጥብ የሚመጣ ምስል 415 ሺህ ገደማ ነጥብ ብቻ ይዞ ነው የሚደርስህ። ሒሳቡን ሥራው፦ ፎር ኬው ስክሪን የዚያ 20 እጥፍ ነው። እንግዲህ ጋዜጠኛዋ ዜና ስታነብ ከምታየው ከ20ው ነጥብ 19ኙን የፈጠረው ቲቪው ነው፤ ገምቶ። ጥሩ ቲቪ በደንብ ይገምታል፣ ርካሽ ቲቪ ደግሞ የሰውን ፊት ሰም የተቀባ ያስመስለዋል። ስክሪኑ በተለቀ ቁጥር ግምቱ ይጋለጣል። «ትልቁን ከገዛሁ ወዲህ ቻናሎቹ ደበዘዙብኝ» የሚል ሰው ስንት ሰምቻለሁ! ቻናሎቹ ድሮም እንደዚያው ነበሩ ወንድሜ፤ 32 ኢንቹ ገበናቸውን ሸፍኖላቸው ነበር።

ጣቢያዎቹንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። በአራት ማዕዘኑ ዘመን የተቀረጸ ፊልም ጎትተው ሰፊውን ስክሪን ያስሞሉታል፤ ሰው ሁሉ ወፍሮ፣ ኳስ እንቁላል ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ፣ ከላይ ሎጎው፣ ከጎን ማስታወቂያው። በ85 ኢንች ይህንን ማየት ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ፤ ሆም ቴአትር የሚለው ቃል የተፈጠረው ለፊልም ነውና። አብዛኞቻችን ፊልም ከየት ነው የምናገኘው? ከዚሁ ከቴሌግራም። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም በ700 ሜጋባይት ታጭቆ ይወርዳል። ይህ በሰከንድ ሲካፈል አንድ ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። ኔትፍሊክስ ለፎር ኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ የሚደርስ ኢንተርኔት ያስፈልጋል ይላል፤ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል፣ ያውም ከፍተኛውን ክፍያ ለከፈለ ብቻ። ፊልሙ በፎር ኬ ብሉሬይ ዲስክ ሲወጣ ደግሞ ዲስኩ ከ50 እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል። ከ100 ጊጋባይት ወደ 700 ሜጋባይት የወረደ ፊልም ውስጥ የጨለማው ትዕይንት ጥቁር አይደለም፤ የሚንቀጠቀጡ ግራጫ ሳጥኖች ክምር ነው። እነዚያን ሳጥኖች ነው እንግዲህ በ75 ኢንች አጉልተህ ቤተሰብህን ሰብስበህ የምታሳየው። ለዚህ ነው የአንድ ዓመት እቁብ የበላኸው?

(ስለ ኮፒራይት የሚጠይቀኝ ካለ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። የዛሬው ጉዳይ ዓይን ነው።)

ስለ ርቀት ደግሞ ሻጭ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ጤነኛ ዓይን ነጥብን ከነጥብ የሚለይበት ወሰን አለው። 55 ኢንች ቲቪን ከ2 ሜትር ከ20 ገደማ በላይ ርቀህ ካየኸው ሙሉ ኤችዲውንና ፎር ኬውን በነጥብ ብዛት አትለያቸውም። ለ75 ኢንች ይኸው ወሰን 3 ሜትር አካባቢ ነው። በተቃራኒው መደበኛ ጥራት ያለው ስርጭት 75 ኢንች ላይ ሲመጣ ድብዝዝነቱ እንዳይታወቅህ 5 ሜትር ተኩል መራቅ ይኖርብሃል። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ 5 ሜትር ተኩል ለመራቅ ጎረቤት ቤት ሄዶ መቀመጥ ነው።

በዓለም ላይ ለመጠን የሚሠራበት መመሪያ አለ፤ ለማስታወስም ቀላል ነው። ከሶፋህ እስከ ቲቪው ያለውን ርቀት በሳንቲሜትር ለካ፣ ለ4 አካፍለው፤ የሚመጣው ቁጥር ኢንቹ ነው። 2 ሜትር ከ20 ከሆነ 55 ኢንች። 2 ሜትር ከ60 ከሆነ 65። ሲኒማ ቤት ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ያህል ልዋጥ የሚል የፊልም ወዳጅ ለ3 ያካፍል። ግን ልብ በል፦ ይህ ጥሩ ምስል ለሚያይ ሰው የተሠራ ሒሳብ ነው። የምታየው ሳተላይትና የወረደ ፊልም ከሆነ ከሒሳቡ አንድ ደረጃ ዝቅ በል፣ የተረፈህን ብር ደግሞ ቆይቼ ወደምነግርህ ቦታ አድርገው።

አንድ ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ተከራክሮኛል። «አንተ ልጅ፣ ቲቪ በየዓመቱ አይገዛም። ዛሬ ትልቁን ልግዛ፤ ፋይበሩም ፎር ኬውም ይደርስበታል» አለኝ። ክርክሩ ጅል አይደለም፤ ፋይበር ያስገቡ ቤቶች አሉ፣ በዩቲዩብም ጥሩ ጥራት ያላቸው ነገሮች እየበዙ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ይረሳል። በአንድ ዓይነት በጀት ትልቁን ስትገዛ የምትገዛው ርካሹን ትልቅ ነው። የ75ቱ ርካሽ ፓነል በ65ቱ ደህና ፓነል ዋጋ ነው የሚሸጥልህ። ፋይበሩ ሲደርስ፣ ፎር ኬው ሲመጣ፣ አንተ እጅ ላይ ያለው ብርሃኑ የደከመ፣ ሶፍትዌሩ ያረጀ፣ መተግበሪያው «ይህ መሣሪያ አይደገፍም» የሚልህ ሰፊ ሰሌዳ ነው። ለነገ የገዛኸው ቲቪ ከነገ በፊት ያረጃል።

ስለ ስማርትነቱም እግረ መንገዴን፦ ስም የሌላቸው ብዙ ቲቪዎች ላይ የኔትፍሊክስ ምልክት ተለጥፎ ታያለህ። የኔትፍሊክስን ማረጋገጫ ያላገኘ መሣሪያ ላይ መተግበሪያው ቢከፈት እንኳ የሚለቅልህ ዝቅተኛውን ጥራት ነው። ፎር ኬ ስክሪን፣ ፎር ኬ ክፍያ፣ የድሮ ቲቪ ምስል።

«ቻይና እንዳይመስልህ» የምትለዋ ደግሞ ሁሌም ታስቀኛለች። የሳምሰንግ እህት ኩባንያ ለቲቪ የሚሆን ኤልሲዲ ፓነል ማምረቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አቁሟል። ዛሬ ለትልልቅ ኤልሲዲ ቲቪዎች የሚሆነውን ፓነል በብዛት የሚሠሩት እንደ ቢኦኢ፣ ሲኤስኦቲና ኤችኬሲ ያሉ የቻይና ፋብሪካዎች ናቸው። ሶኒ የኦኤልኢዲ ቲቪዎቹን ፓነል ከኮሪያዎቹ ነው የሚገዛው። እና «ኦሪጅናል» ምን ማለት ነው? የአንድ ትልቅ ብራንድ ርካሹ ሞዴልና የአንድ የቻይና ብራንድ ምርጥ ሞዴል ጎን ለጎን ቢቀመጡ ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ብራንድ አትጠይቅ፤ ከጀርባው የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ስልክህ ላይ አስገብተህ የሚባለውን አንብብ። ቁጥሩን ፈልገህ ምንም ነገር የማይወጣ ከሆነ፣ ወይም ፊት ለፊት ያለው ስምና ከጀርባ ያለው ወረቀት የማይስማሙ ከሆነ፣ ሻጩ «የኔ ወንድም» እያለህ ሳለ ቀስ ብለህ ውጣ።

ኤችዲአርም እንደዚሁ ነው። ፊልሞች ለኤችዲአር ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ 1000 ኒት የሚደርስ ብርሃን ታስቦ ነው። ርካሹ ቲቪ የሚያወጣው 250 እና 300 ቢሆን ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው «ኤችዲአር» ምልክቱን እቀበላለሁ ማለት እንጂ አሳያለሁ ማለት አይደለም። እንግዳ ተቀብሎ ምግብ እንደማያቀርብ ቤት ማለት ነው።

ኪውኤልኢዲ እና ኦኤልኢዲ የሚባሉትን አንድ አድርጎ የሚሸጥም ሞልቷል። አንዷ ፊደል ብዙ ብር አላት። ኪውኤልኢዲ ከጀርባው መብራት ያለው ያው ኤልሲዲ ነው፤ ቀለሙ የተሻሻለ። ኦኤልኢዲ ግን እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል፤ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው። ለፊልም ከእሱ የሚበልጥ አላየሁም። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የዜና ቻናል ተከፍቶ በሚውልበት ቤት አልመክረውም፤ የማይንቀሳቀስ ሎጎ ለረጅም ጊዜ ከቆየበት ጠባሳው ሊቀር ይችላል።

ሌላው ማንም የማይነግርህ ነገር ሶፋችን ነው። የፈረንጅ የቲቪ መመሪያ የሚያስበው አንድ ሶፋ ከቲቪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። የእኛ ሳሎን ሶፋው ግድግዳውን ይዞ በሦስት በኩል ይዞራል። ጋሼ መሀል ላይ ይቀመጣሉ፣ ግማሹ ቤተሰብ ከጎን ነው የሚያየው። ቪኤ የሚባለው የፓነል ዓይነት ፊት ለፊት ሲታይ ጥቁሩ ያምራል፣ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይገረጣል። አይፒኤስ የሚባለው ከጎንም ደህና ነው፣ በጨለማ ክፍል ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ይህንን ለማወቅ ስም መሸምደድ አያስፈልግህም፤ ወደ ጎን ሦስት እርምጃ ሂድና እየው። የራስህን ፍላሽ ይዘህ ሂድ፣ ጨለማ ትዕይንት ያለበት ፊልም ጨምርበት፣ ከቪቪድ አውጥተው «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ሞድ ላይ እንዲያደርጉልህ ጠይቅ። የማይፈቅድ ሱቅ መልሱን ሰጥቶሃል።

ሞድ ካነሳን አይቀር፣ ፊልሙን የሳሎን ድራማ የሚያስመስለውን እንቅስቃሴ ማለስለሻ አጥፋው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ቲቪው መሀል መሀል ላይ የራሱን ምስል እየፈጠረ ይሰካበታል። ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማኳሪ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ቪዲዮ ሠርተው «ይህን ነገር አጥፉልን» ብለው ተማጽነዋል። ለኳስ ተወው፣ ለፊልም አጥፋው።

አሁን የተረፈችው ብር የምትሄድበት ቦታ። ድምፅ!

እዚህ አገር «ሆም ቴአትር» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ያ የዲቪዲ ማጫወቻ፣ አምስት ሚጢጢ ስፒከርና አንድ ቤዝ ነው። አምስቱም ስፒከር ቡፌው ላይ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው፣ ዳንቴል ለብሰው ይቀመጡ ነበር። የኋለኞቹ ሁለቱ ከኋላ መሆን እንዳለባቸው ማንም አልነገረንም። እንደዚያም ሆኖ ዛሬ ብዙ ሳሎን ውስጥ ካለው ይሻል ነበር። ቲቪው ሲቀጥን ስፒከሩም ቀጠነ። የአብዛኛው ጠፍጣፋ ቲቪ ድምፅ ሁለት ባለ 10 ዋት ስፒከሮች ናቸው፤ እነሱም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው የሚናገሩት። ቲቪው ከ43 ወደ 75 ኢንች ሲያድግ ብዙ ጊዜ ድምፁ እዚያው ነው የሚቀረው።

የዚህ ዋጋ የሚከፈለው በሽማግሌዎች ነው። እናቴ ዜና ስትሰማ ድምፁን ጥግ ታደርሰዋለች፤ ቤቱ ይናወጣል፣ ቃሉ ግን አይለይላትም። ልጆቹ «እማዬ ጆሮዋ ደክሟል» ይላሉ። ጆሮዋ ትንሽ ደክሞ ይሆናል፤ ስፒከሩ ግን ከሷ በላይ ደክሟል። ደህና ሳውንድ ባር ከቲቪው ጋር በኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ሲያያዝ፣ ወይም ከመሀል የሚናገር ስፒከር ያለው 5.1 በሥርዓቱ ሲደረደር፣ የሰው ድምፅ ከሙዚቃው ተለይቶ ይወጣል። እሷም ከአንድ ክፍል ርቃ ሳይሆን እኩል ከእኛ ጋር ትስቃለች። በ75 እና በ65 ኢንች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይህንን ይገዛል። በቤትህ ውስጥ ያለ ሰው ቃሉን ሳይሰማ ምስሉ ማደጉ ለማን ነው? ለእንግዳ ነው። እንግዳው ደግሞ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የጉዳዩ ሥር እዚህ ነው። ድምፅ ፎቶ አይነሳም። ስታቢላይዘር ፎቶ አይነሳም። 85 ኢንች ግን በር ላይ ሲደርስ ጎረቤት ያየዋል፣ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ «ቤታቸውን አየኸው?» ያስብላል። በራሱ ብር የፈለገውን ማድረግ መብቱ ነው የሚለኝ ሰው ልክ ነው። እኔ የምናገረው ግን ሪያድና ቤይሩት ሆና የሰው ቤት ወለል እየጠረገች ስለምትልከው ልጅ ብር ጭምር ነው። እሷ የላከችው ቤተሰቤ ይደሰት ብላ ነው። ደስታው ደግሞ በኢንች የተለካው በማን እንደሆነ እሷ አታውቅም።

ትልቅ ቲቪ ኃጢአት ነው አላልኩም፤ እንዳታጣምሙብኝ። ፋይበር ያለህ፣ ለጥሩ ምንጭ የምትከፍል፣ ሦስት ሜትር ርቀህ የምትቀመጥ የፊልም ሰው ከሆንክ 75 ይገባሃል፤ ደህናውን ግዛ። ለቀረነው 55 ወይም 65፣ ደህና ፓነል፣ ድምፅ፣ ከዚያ ስታቢላይዘር። መብራት መጥፋቱ ሳይሆን የሚገለው አመጣጡ ነው። በሚዋዥቅ መብራት ላይ ያን ሁሉ ብር በአንዲት የተቃጠለች ዲቫይደር ሰክቶ የሚተኛ ሰው አይገባኝም። ፓነሉ አንዴ ከተበላሸ ጥገናው ከአዲስ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ደረሰኙን ተቀበል፣ ዋስትናው በጽሑፍ ይሁን፤ «እኛ እዚሁ ነን» የሚለው የአፍ ዋስትና ሱቁ እስኪቀየር ድረስ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምተህም 85ቱን ካልገዛሁ የምትል ከሆነ፣ ቢያንስ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር አድርግ። ቲቪውን የምትሰቅልበትን ግድግዳ በጣትህ አንኳኳው፤ የኮንዶሚኒየም ክፍልፋይ አግሮስቶን ከሆነ ይታወቅሃል፣ 40 ኪሎ የሚያልፍ ነገር የሚንጠለጠልበት አይደለም። ከዚያ ሜትር ይዘህ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቁም። የ85 ኢንች ካርቶን ሁለት ሜትር ይሆናል፣ ተጋድሞ አይጫንም፣ ሊፍት የለህም፣ አራተኛ ፎቅ ነህ፣ ጫኝና አውራጆቹ ደግሞ ታች በር ላይ ቆመው ዋጋ እየተማከሩ ነው።